ሠላሳ አምስት ይበልጣል

ሠላሳ አምስት ከሠላሳ ሁለት ይበልጣል። ይህን ያስተማረችኝ የሁለተኛ ክፍል መምህርቴ ናት፤ እሷን አልወቅሳትም። እኔም ዛሬ ደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ በየዓመቱ ለስልሳ ልጅ ይህንኑ አስተምራለሁ። የምወቅሰው መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጥ የነበረውን መሳፍንት የሚባል ነጋዴ ነው። በዕድሜ አባቴን ይበልጣል፤ አንቱ ልለው ግን አልችልም። ሞክሬያለሁ፣ አይወጣልኝም።

ያን ዓመት አሥር ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ቀየት ከሚባለው ቦታ ወጣ ብሎ አፋፍ ላይ ነው። ነፋሱ ከጓሳው ሜዳ ተነሥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ የሚያግደው ነገር የለም። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር፤ ሣሩም እኔ ሳልወለድ የተከደነ ነው። ክረምት ሲገባ እናቴ በለጠች ሦስት እንስራ ይዛ ከጠብታ ጠብታ ስትሯሯጥ ትውላለች። አንዱን ቀዳዳ ስትደርስበት ሌላው ይከፈታል። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንስራዋን አስቀምጣ ስታለቅስ አየኋት። «ዘንድሮ ቆርቆሮ ካልለበሰ እኔ እዚህ ቤት አልከርምም» አለችው አባቴን።

አባቴ ፈንታ ክርክር አይወድም። በጎቹን ሸጠ። እናቴም ሁለት ዓመት ሙሉ ከበግ ፀጉር የፈተለችውን የባና ብርድ ልብስ አወጣችና ሸጠች። ጣሪያ መቀየር ስንት ይፈጃል ሲባል ሁለቱም ያሰቡት የቆርቆሮውን ዋጋ ብቻ ነበር። ሣር የሚሸከም እንጨት ቆርቆሮ አይሸከምም፤ ወራጁ ይለወጣል፣ ማገሩ ይጠብቃል፣ ሚስማሩ ከነጎማው ይገዛል፣ አናት ላይ የሚጋደመው እጥፍ ቆርቆሮ ለብቻው ዋጋ አለው፣ የአናጢው እጅ አለ። ይህን ሁሉ ቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። የሚያውቅ ሰውማ ነበረ፤ ሻጩ ነው።

መሐል ሜዳ የሄድነው በገበያ ቀን ነው። አባቴ ውጪ ቀረ፤ እኔና እናቴ ገባን። እኔን ይዛኝ የመጣችው ማንበብ ስለምችል ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ያን ቀን ግን ልጅዋን ይዛ ስትገባ የምትኮራ መሆኑ ከአረማመዷ ይታወቅ ነበር። ሱቁ የዝገትና የአዲስ ገመድ ሽታ ነበረው። መሳፍንት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

«ጣሪያ ልከድን ነው። ጠንካራውን ይስጡኝ» አለችው።

«ሁለት ዓይነት አለ፣ እህቴ። ይሄኛው ሠላሳ ሁለት ነው፤ ያኛው ሠላሳ አምስት።»

«የቱ ነው የሚሻለው?»

አልመለሰላትም። ጎንበስ ብሎ እኔን አየኝ።

«ተማሪ ነሽ?»

«አዎ።»

«ስንተኛ ክፍል?»

«አራተኛ።»

«እስቲ እንግዲህ ለእናትሽ ንገሪያት። ከሠላሳ ሁለትና ከሠላሳ አምስት የቱ ይበልጣል?»

«ሠላሳ አምስት» አልኩ። ድምፄ ሱቁን ሞላው።

«ጎበዝ» አለና ከጠርሙስ ሁለት ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ሰማሽ እህቴ፤ እኔ ምንም አላልኩም። ልጅሽ ናት የነገረችሽ» አላት።

እናቴ ራሴን ዳበሰችኝ። በሠላሳ አምስቱ ላይ ዋጋ ጨመረባት፤ የሚበልጥ ነገር ዋጋውም እንደሚበልጥ ማን ያጣዋል፣ ከፈለች። እኔ ከረሜላዬን እየመጠጥኩ ይህ ሰው ምንኛ ትሑት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ምስጋናውን ሁሉ ለእኔ ሰጥቶ «እኔ ምንም አላልኩም» ይላል። ከእሱ ወዲያ ደግ ነጋዴ ያለ አልመሰለኝም።

ቆርቆሮው በአይሱዙ እስከ መንገዱ ዳር መጣ፤ ከዚያ እስከ ቤት በሰው ትከሻ ነው። አራት ሰው ይበቃል ብሎ አባቴ አራት ጎረቤት ለምኖ ነበር። ሁለቱ ብቻ ተሸክመውት ሲወጡ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን እየሳቁ ተከተሏቸው። የመንደራችን ሰው ጉልበተኛ ነው ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ አወራሁ።

አናጢው ጋሼ ትዕዛዙ ነበሩ። ቤታቸው ከእኛ ብዙ አይርቅም፤ በዚያ አካባቢ የበርና የመስኮት ሥራ ሁሉ የእሳቸው ነው። የራሳቸው ቤት ሣር ክዳን ነበር። ጠዋት መጥተው መዶሻቸውን አስቀመጡና የአንዱን ቆርቆሮ ጠርዝ በሁለት ጣት ይዘው ከፍ አደረጉት፤ ለቀቁት። ተንቀጫቀጨ።

«ጌጁ ስንት ነው?» አሉ።

የውፍረቱን ቁጥር ነበር የጠየቁት፤ እኔ ግን ጌጥ ያሉ መሰለኝ። ቆርቆሮ ጌጡ በቁጥር እንደሚለካ ያን ቀን የተማርኩ መሰለኝ። «ሠላሳ አምስት» አልኩ ፈጥኜ። እኔን አዩ፤ አባቴን አዩ። የተደነቁ ነው የመሰለኝ።

አባቴን ወደ ገብስ ክምሩ ወሰዱት። እኔ በወዲያ በኩል ዞሬ ተለጠፍኩ።

«ፈንታ፣ ይኼ ክረምቱን አይዘልቅም» አሉት።

«ምን ነካህ ትዕዛዙ? ገና ሳትመታው?»

«መልሱትና ሠላሳ ሁለቱን አምጡ። መመለስ ካልሆነላችሁ ሃያ ማገር ጨምርልኝ፤ ላጥብቅለት። ሚስማርም ይጨመር።»

«ሠላሳ አምስት ነው እኮ! ከሁሉ የሚበልጠውን ነው የገዛነው።»

«ቁጥሩ ሲበዛ ይሳሳል ወንድሜ። ቆርቆሮ እንዲህ ነው።»

አባቴ ሳቀ። እኔም ከክምሩ ጀርባ አፌን ይዤ ሳቅሁ። ቁጥር ሲበዛ የሚያንስ ነገር የት አለ? ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። «እማዬ፣ ጋሼ ትዕዛዙ ቁጥር አያውቁም» አልኳት። እናቴ አልሳቀችም። «ቁጥሩስ ጠፍቶት አይደለም» አለች፤ «የእኛ ቤት ከእሱ ቤት ቀድሞ ቆርቆሮ መልበሱ ነው የከነከነው። ማገር ጨምሩ፣ ሚስማር ጨምሩ እያለ ሊያስቀረን ነው።» ያን ቀን ከእናቴ አፍ የወጣው ቃል «ምቀኛ» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከወጣ በአንድ ቤት ውስጥ አይቀርም።

እውነቱ በጆሮዬ ገብቶ ነበር። ሌሎች ሲሳሳቱ አልነበሩበትም፣ አልሰሙም ይባላል። እኔ ሰምቻለሁ። ሰምቼ የሳቅሁበት፣ መምህር ያልነገረኝን አናጢ ሊያውቀው አይችልም ብዬ ነው።

ማገር አልተጨመረም። ገንዘቡም አልነበረም። ጋሼ ትዕዛዙ ያለውን እያብቃቁ አራት ቀን መቱ። ሲጨርሱ ከመሰላሉ ወርደው፣ «ባለው አብቃቅቼዋለሁ። እግዜር ይጠብቀው» ብለው መሣሪያቸውን ይዘው ሄዱ። የቤታችን አናት ከመንገድ ላይ ሲያብረቀርቅ ይታይ ጀመር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆም ብዬ ሳላየው አልገባም ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በረዶ ጣለ። በቆርቆሮ ስር በረዶ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ድምፁን አይገምተውም፤ እናቴ አፏ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ እንጂ የምትለውን አልሰማም። ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። በምሥራቅ በኩል ያለው ጠርዝ አንዴ ተነሥቶ ተመለሰ፤ ሁለተኛ ተነሣና ብርሃን ገባ። ከዚያ ወዲያ አንድ በአንድ ነው የሄደው። አባቴ እጄን ይዞ በረት ውስጥ ከተተን። እናቴ ተመልሳ ገብታ የዘር ገብሱ ላይ ቁርበት ስታለብስ ነበር፤ ቁርበቱንም ነፋሱ ወሰደው። ዘሩ ራሰ። ያ ዘር ለቀጣዩ ዓመት ያስቀመጥነው ነበር።

ሲያባራ ገባን። ወደ ላይ ብመለከት ሰማይ ነው። ሚስማሮቹ ግን ከነጎማቸው ማገሩ ላይ ተሰክተው ቀርተዋል። ቆርቆሮው የለም፣ ሚስማሩ አለ። ሚስማሩን ሳይ በልጅነት አእምሮዬ ፍርዴን ሰጠሁ፤ ሚስማሩ ቆርቆሮውን አልያዘውም፣ ስለዚህ ጥፋቱ የመቺው ነው። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ሚስማሩ ከቦታው አልተነቀነቀም፤ ቆርቆሮው ነው በሚስማሩ ዙሪያ እንደ ወረቀት ተቦጭቆ የሄደው። የጋሼ ትዕዛዙ ምስክር እዚያ ማገሩ ላይ ቆሞ ነበር። አባቴ በማግስቱ ሌላ ጊዜ ይጠቅማሉ ብሎ ሁሉንም ነቀላቸው።

እናቴ ጋሼ ትዕዛዙን ከሰሰች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ስር ሦስት ሽማግሌ ተቀመጡ፤ መምሬ አትናቴዎስ፣ አቶ ባስልዮስና አቶ ስንታየሁ። አገር ቆሞ ይሰማል። ጋሼ ትዕዛዙ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ከመጀመሪያው ለፈንታ ነግሬዋለሁ» አሉ። አቶ ስንታየሁ ከገደል የተገኘ አንድ ቆርቆሮ አስመጡ። ቁጥሩ በቀለም ታትሞበታል።

«ማን ያነብልናል?» አሉ መምሬ አትናቴዎስ። «አንቺ ተማሪዋ፣ ነይ እስቲ።»

በሰው መሐል አለፍኩ። «ሠላሳ አምስት» አልኩ።

«ከዚህ የሚያንስ ነበረ ሱቁ ውስጥ?»

«አዎ፤ ሠላሳ ሁለት ነበረ። እሱ ያንሳል።»

ሰዉ አጉረመረመ። አቶ ባስልዮስ ጎንበስ ብለው በለሆሳስ ጠየቁኝ። «እውነት ተናገሪ ልጄ። ሥራውን ሲጀምር ምን ሲል ሰማሽ?»

እውነት ተናገርኩ። «ክረምቱን አይዘልቅም ብለዋል።»

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ታዲያ በምን አወቀ?» አለች። ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያ የነበረው ቃል ዛቻ ሆኖ ተሰማ። ማገር ጨምሩ ብሎ እምቢ ሲሉት በምቀኝነት አላልቶ መታው፤ አፉም አስቀድሞ ተናገረ ተባለ። «መልሱት» ማለታቸውን፣ «ቁጥሩ ሲበዛ ይሳሳል» ማለታቸውን የሰማን ሁለት ሰዎች ነበርን። እኔን ከዚያ በላይ የጠየቀኝ የለም። አባቴ ግን ትልቅ ሰው ነበር፤ መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። እግዜር ነፍሱን ይማረው፤ ይህን ግን እኔ ገና አልማርኩትም።

ጋሼ ትዕዛዙ አንድ በግ እንዲያመጡ፣ ቤቱን ያለ ዋጋ በጓሳ ሣር መልሰው እንዲከድኑ፣ ይቅርታም እንዲጠይቁ ተፈረደባቸው። ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው እናቴ ፊት ጎንበስ አሉ። የአንገታቸው ሥር ተገትሮ ነበር። እናቴ፣ «ይቅር ለእግዜር» አለች። እኔ ሌባ ተይዞ፣ ፍርድ ተፈርዶ፣ ዓለም ቦታው የገባ መሰለኝ። መምሬ አትናቴዎስ ራሴን ዳብሰው፣ «ተማሪ ማለት እንዲህ ነው» አሉኝ። ያንን ሙገሳ ስንት ዓመት ይዤው ኖርኩ። መምህርት የሆንኩት በእሱም ጭምር ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ በቀበሌያችን ጣሪያ የሚያስከድናቸው ጠፋ። በዓመቱ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ዘመሮ ሄዱ። መሬት አግኝተው ነው ሲባል ሰማሁና አመንኩ።

ይህ ከሆነ ሃያ አራት ዓመት አለፈው። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእናቴን ጣሪያ ላስቀይር መጣሁ። ደመወዜን ለሦስት ዓመት ቆጥቤያለሁ። መሐል ሜዳ አንድ ሌላ ሱቅ ገባሁ። ሻጭዋ እየሩስ የምትባል ፈጣን ልጅ ናት።

«ሠላሳ አምስት ስጪኝ» አልኳት። «ከሁሉ የሚበልጠውን።»

«ለአጥር ነው?»

«ለጣሪያ።»

እጇን ከማስያዋ ላይ አነሣች። «እትዬ፣ ሠላሳ አምስት ለጣሪያ አይሆንዎትም። ቁጥሩ ሲጨምር ይሳሳል። ለአፋፍ ቤት ሃያ ስምንት ይውሰዱ፤ አቅም ካነሰ ሠላሳ ሁለት፤ ከዚያ የሳሳ አይውሰዱ። ደግሞ ገንዘብዎን ሁሉ ቆርቆሮ ላይ አይጨርሱት፤ ለእንጨቱና ለእጅ ቢያንስ ግማሹን ያህል ይያዙ።» ከዚያ ከሁለቱም ዓይነት ጠርዙን አስያዘችኝ። አንዱ እጄ ውስጥ ታጠፈ፤ ሌላው እምቢ አለ።

የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ውሃ አመጣችልኝ፤ ታምሜ መስሏት። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ዕውቀቴ ነው ብዬ የተሸከምኩት ነገር በሦስት ጣት ተመዝኖ ወደቀ። አንድ የሱቅ ልጅ ሳትጠየቅ የምትናገረውን፣ መሳፍንት ተጠይቆ አልተናገረም።

ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ሄድኩ። ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ዓይኑ ፈዟል። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳደረገ ነገርኩት።

«አላስታውስሽም» አለኝ። «ግን ዋሽቼ የሸጥኩበት ቀን የለም።»

«አልዋሸህም። የዋሸኸው በእኔ አፍ ነው።»

«ሠላሳ አምስት አይበልጥም እንዴ ታዲያ?» አለና ፈገግ አለ። ያስታውሰኛል። ያን ጊዜ ያልመታሁት ሽማግሌ በመሆኑ እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ ጋ ለመድረስ ስለቸኮልኩ ነው። በማጅራቱ ድንጋይ ያስቀመጠበት ማንም የለም።

እናቴን ምድጃው አጠገብ አገኘኋት። ጣሪያው አሁንም ሣር ነው። «እማዬ፣ ቆርቆሮው ነበር ስሱ። ጋሼ ትዕዛዙ እውነታቸውን ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አባትሽ በሞተ በዓመቱ። የጎረቤት ቤት ሲከደን ሌላ አናጢ ነገረኝ። ስድስት ዓመት ሆነው።»

«ስድስት ዓመት ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል ታዲያ፣ ጽናት? ልጄ ናት ያሳሳተችን ልበል? ሰው ልጁን አምኖ የሚሰጥሽ አስተማሪ ሆነሻል።»

በእናቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አደረግሁት። የእኔ ስም እንዳይጎድፍ የሌላ ሰው ስም ጭቃ ውስጥ ሲቀር እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል አልኳት። አለቀሰች፤ አላባበልኳትም። እሑድ እዚያው ቅጽር ስር ቆመሽ ትናገሪያለሽ፣ እኔም እናገራለሁ አልኳት። «የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ታዋርጃለሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

እሑድ ሕዝቡ ሊበተን ሲል ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። «ትዕዛዙ ምቀኛ አልነበረም» አለች። «ቆርቆሮው ስስ ነበር። ቀድሞ ነግሮን እኛ ነን ያልሰማነው። ያስፈረድኩበት በሐሰት ነው።» እኔም የጎደለውን ሞላሁ፤ ከገብስ ክምሩ ጀርባ የሰማሁትን ሁሉ፣ የሳቅሁትንም ጭምር። ወጣቶቹ ትዕዛዙ ማን እንደሆነ እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር። መምሬ አትናቴዎስ መቋሚያቸውን ይዘው ብዙ ቆሙ፤ ከዚያ፣ «በሐሰት የፈረድነው እኛ ነን እንግዲህ» አሉ።

በማግስቱ ዘመሮ ሄድኩ። ጋሼ ትዕዛዙ ግቢያቸው ውስጥ የአልጋ ሳንቃ ይልጋሉ። ሸብተዋል፤ ቀጥነዋል። ስሜን ስነግራቸው አወቁኝ፤ በርጩማ ሰጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ነጋዴውን፣ ሱቁን፣ እናቴ በሕዝብ ፊት ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እንዲያውም፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።

መላጊያውን አስቀመጡ።

«እናትሽ ስትናገር ማን ማን ነበረ?» አሉ።

«መምሬ አትናቴዎስ ነበሩ።»

«ስንታየሁስ?»

«አርፈዋል፤ አራት ዓመት ሆናቸው።»

«ባስልዮስ?»

«እሳቸውም ባለፈው ዓመት።»

ከሳንቃው ላይ ፍቅፋቂውን በመዳፋቸው ጠረጉት፤ የሚጠረግ ነገር ካለቀ በኋላም ይጠርጉ ነበር።

«ባስልዮስ የልጄ ክርስትና አባት ነበር» አሉ። «ዘመሮ ገበያ ሲያየኝ መንገድ ይለውጥ ነበር። አንድ ቀን ይሰማል እያልኩ ነበር የምጠብቀው።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አልኩ።

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ» አሉኝ። «ባስልዮስ ግን ምቀኛ እንደሆንኩ አምኖ መቃብር ወረደ።»